የጋለሞታዋ ነጠላ

ደብሪቱ ሠላሳ አንድ ዓመት በቲያትር ቤት አልባሳት ክፍል ሠርታ ጡረታ ወጣች። በወጉ ሳታርፍ ኦሎምፒያ አካባቢ የቪዲዮ ጌም የሚሠሩ ልጆች “አለባበስ ያማክሩን” ብለው ወሰዷት። ጌሙ የጎንደር ዘመን ውጊያ ነው።

አማከረች፤ ማን ሰማት? የመኳንንቱን ካባ እንደ ጋቢ ሲያከናንቡ እንኳ ዋጥ አድርጋ አለፈችው። ዛሬ ግን በጌሙ ሁለተኛ ደረጃ ጩቤ ይዛ የምትወጣውን ጋለሞታ አየችና ትዕግሥቷ አለቀ። ሴትዮዋ መሳፍንትን ስታጫውት የምትውል ናት። ስም እንኳ አልሰጧትም፤ አራት ጊዜ ተመትታ ትወድቃለች። ነጠላዋን ግን ዘቅዝቃዋለች፤ ጥለቱ ሽቅብ አንገቷ ላይ ወጥቷል፣ ልክ እንደ ሐዘንተኛ።

“ማን ሞቶባት ነው?” አለችው ሥዕሉን የሚያንቀሳቅሰውን ገለታን።

“ማንም አልሞተባትም፣ እትዬ። ማለቴ፣ ዲዛይን ነው። ጥለቱ ፊቷ አጠገብ ሲሆን ያምራል በቃ።”

“ይሄ የለቅሶ ቤት አለባበስ ነው። አስተካክለው።”

“ጨርቁን እንደገና መሥራት ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ጌሙ ዓርብ ይወጣል። አራት ሰከንድ የምትታይ ሴት ናት፣ ማን ልብ ይላል?”

ደብሪቱን ያንገበገባት ይኸው “ማን ልብ ይላል” ነው። ጌሙ መጨረሻ ላይ “የአልባሳት አማካሪ፦ ደብሪቱ መዝገቡ” ተብሎ ይጻፋል። ስታለብሳቸው የኖሩት ተዋንያን ዛሬም ካዛንቺስ ሲያገኟት ከመኪና ወርደው ይስሟታል። እነሱ ልብ ይላሉ። የዕድሜ ልክ ስሟ በአንድ ነጠላ ሊበላሽ ነው። “ስሜን አውጡልኝ” ብላ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። መውጫው ጋ ስትደርስ ይበልጥ ተናዳ ተመለሰች።

“ነጠላውን ካልቀየርክ ሟች ስጣት” አለችው። “መጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ በሩ ጋ የሚገደለው ዘበኛ ወንድሟ ይሁን።”

ገለታ ራሱን አከከ። የአንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ አሥር ደቂቃ በቃው።

ከሰዓት ጌሙን የምትሞክረው ልደት ተቀመጠች። በቀን መቶ ሰው ስትገድል የምትውል ልጅ ናት። ዘበኛውን ገድላ ገባች። ጋለሞታዋ ጩቤዋን መዘዘችና “በሩ ላይ የገደልከው ወንድሜ ነው” አለች። ልደት ነጠላውን አየች። ጣቷ ቁልፉ ላይ ቀረ።

“እግዜር ያጥናሽ” አለች ቀስ ብላ፣ ለስክሪኑ።

ጋለሞታዋ ወግታ ገደለቻት።

“ስሜን ጻፉት” አለች ደብሪቱ።

ልደት ጌሙን ከመጀመሪያው አስጀመረች። ዘበኛው ጋ ስትደርስ ሰይፏን ሳትመዝ ቆመች።

“ካልገደልሽው እኮ በሩ አይከፈትም” አላት ገለታ።

እሷ ግን አጥሩን እየዞረች ሌላ መግቢያ ትፈልግ ነበር።