ገና ላልተመዘገቡ ተማሪዎች ሳስተምር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። አሁንም ካሜራ ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። ብቻን መሳቅ ምን እንደሚያመጣ ግን እኔን ጠይቁኝ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የሚሰጥ የማስተርስ ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ ታዘዘና የመጀመሪያውን ኮርስ በቪዲዮ መቅረጽ እኔ ላይ ወደቀ። ኮርሱ በገምጋሚዎች ታይቶ ካላለፈ ፕሮግራሙ አይከፈትም። የላክሁትን ቪዲዮ የገምጋሚዎቹ ሰብሳቢ አይተው፣ «ይሄ ትምህርት ነው ወይስ መርዶ?» ብለው መለሱልኝ። አንድ ዕድል ብቻ ቀረኝ።

ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የታክሲ ረዳቶች ጩኸት እንዳይገባ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ቀኑን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጬ እለፈልፋለሁ። «ገባችሁ?» እላለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ። «ጎበዞች!» እላለሁ።

ግድግዳችን ስስ ነው። አንድ ቀን ጎረቤቴ እትዬ በላይነሽ የልደታን ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው በሬን አንኳኩ። ብርድ ልብሱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው ልጄ?»

«ከተማሪዎቼ ጋር።»

«የታሉ?»

«ገና አልተመዘገቡም እትዬ።»

ምነው አፌን በቆረጠው! አማተቡና ጸበሉን ፊቴ ላይ ረጩት። ላፕቶፑ ለጥቂት ተረፈ።

ኮርስ እየቀረጽኩ መሆኑን ባስረዳቸው፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው «እሺ፣ እሺ» አሉኝ። ከዚያ «አንተ ሥራህን ሥራ፣ እኔ እዚህ ልቀመጥ» ብለው ከካሜራው ጀርባ ወንበር ሳቡ። በማግስቱም የሚለቅሙትን ምስር ይዘው ከች አሉ። በየቀኑ መምጣት ሆነ።

እውነቱን ልናገር፣ ጠቀሙኝ። ንግግሬ ሲደርቅ ያንቀላፋሉ፤ ሲያንቀላፉ አቋርጬ እንደገና እጀምራለሁ። ስለ ሥራ መጓተት ሳስተምር፣ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ የደረሰውን የዕድራችንን ድንኳን ምሳሌ ባደርግ «እውነቱን ነው!» ብለው ጮኹ። ድምፃቸውን ከቪዲዮው አላወጣሁትም።

ኮርሱ አለፈ። ሰብሳቢው «አሁን ገና ከሰው ጋር አወራህ» አሉኝ።

የመጀመሪያው የቀጥታ ትምህርት ቀን እትዬን ጠራኋቸው። ከጅማ፣ ከጎንደር፣ ከሐዋሳ የተመዘገቡት ተማሪዎች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ብቅ እያሉ «ጤና ይስጥልኝ መምህር!» አሉ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

«ተመስገን! ለካ ደህና ነህ!»

እኔ ትምህርቴን ወደውት ነው ብዬ ስኩራራ፣ እሳቸው የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም ብለው ሲያስታምሙኝ ነው የከረሙት። አንጀቴን በሉት።

አሁን ሁለተኛውን ኮርስ እየቀረጽኩ ነው። እትዬ «ከዳንክማ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» ብለው ቀርተዋል። ንግግሬ እንደገና ደረቀ፤ እሳቸውም በጣም ናፈቁኝ። ትናንት ታዲያ ግድግዳውን ተጠግቼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ብቻዬን ከት ከት ብዬ ሳቅሁ።

ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተንኳኳ።