የጓያ ንፍሮና የአባቴ እግር

ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሴሚስተሬን ጨርሼ ናዝሬት ስገባ በሩን የከፈተልኝ አባቴ ግራ እግሩን ይጎትት ነበር።

"መቂ ሽንኩርት ስጭን ነው፣ ይተወኛል" አለኝ።

እናቴ ግን ከኋላው ሆና በዓይኗ ሌላ ነገር ነገረችኝ።

እህል ስለተወደደ ቤታችን ወሩን ሙሉ የጓያ ንፍሮ ሲበላ ከርሟል። ጓያ ያበዛ ሰው ሽባ እንደሚሆን ማንም ያውቃል። እናቴ ጉዳቱ ከእንፋሎቱ ነው ብላ ስለምታምን፣ ድስቱ ሲፈላ ሁሉንም ወደ ግቢ ታስወጣለች፤ እንፋሎቱ ሲጠፋ "በሉ ግቡ፣ ብሉ" ትላለች።

"ለዚህ አይደል የተማርከው? እግሩን ምን እንደነካው ተናገር እንጂ!" አለችኝ።

መምህራችን ያስረዳንን በጥንቃቄ ለማስታወስ ሞከርኩ። "የነርቭ ሕዋስ ሽፋኑ ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉት፤ ልክ እንደ ኬላ። ጓያው ውስጥ ያለው መርዝ የኬላውን ገመድ ዝቅ አድርጎ ይይዘዋል፤ በሩ ሳይዘጋ ይቀራል። መግባት የሌለበት ሁሉ ሲገባ ሕዋሱ ይሞታል። መርዙ ያለው ግን ፍሬው ውስጥ ነው፣ እንፋሎቱ ውስጥ አይደለም።"

"ወይ ጉድ!" አለ አባቴ። "የመቂው ኬላ አንድ ቀን እንኳ ቶሎ ሳይከፈትልኝ፣ የገዛ እግሬ ኬላ ክፍቱን ይደር?"

እናቴ አልሳቀችም። "በእጄ ነው ያጎረስኩት" ብላ ተቀመጠች። ያንን ማስረዳቴን ጠላሁት።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ የአባቴን ጉልበቶች በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገና "ያምዎታል?" አለው።

"እንዴት አያመኝ! ከወገቤ ተነስቶ እስከ ተረከዜ እንደ እሳት ይወርዳል።"

"እንግዲያው ጓያ አይመስልም" አለ ሐኪሙ። "የጓያ ሽባነት ሁለቱንም እግር ነው የሚያደርቀው፤ ብዙ ጊዜም እንዲህ አያሳምምም። ጓያ ቢሆን ጉልበትዎም ስመታው ከልክ በላይ ይዘል ነበር። የእርስዎ በሸክም ምክንያት ከወገብ የሚወርደው ነርቭ ተጭኖ ነው። ካረፉ ይሻልዎታል።" ወደ እናቴ ዞሮም፣ ጓያን ከተቻለ እንድትተው፣ ካልተቻለ ግን ዘፍዝፋ ውኃውን እንድትደፋና ከሌላ እህል ጋር እንድትቀላቅል መከራት።

ስንመለስ ጋሪ ያዝን። ጋሪው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ አባቴ "ኧረ ወገቤን!" ብሎ ጮኸ።

"እሰይ!" አለች እናቴ።

"ሴትዮ፣ አብደሻል?"

"ይመምህ! እስቲ ድገመው!" አለችው፣ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን እየጠረገች። ባለጋሪው ዞሮ አየን። እኔም ሳቄ መጣ።