ዋናዎቹ ሆንዱራሶች

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ኤልዳና ስለ ሆንዱራስ ሕዝብ ለክፍሏ ልትናገር ስታጠና ደብተሯን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። አብዛኛው ሕዝብ ከስፔኖችና ከነባሮቹ የተደባለቀ ነው፤ ቀጥሎ ነባር ሕዝቦች፣ ቀጥሎ «ሌሎች» ይላል። ሽንኩርት መክተፌን አቆምኩ። ማርታ ትዝ አለችኝ።

ደርግ ከወደቀ ሦስት አራት ዓመት ቢሆነው ነው። ሮም ውስጥ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ቤት እየሠራሁ እዚያው አድር ነበር። ሐሙስ ከሰዓት እረፍታችን ስለሆነ የቤት ሠራተኛው ሁሉ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ይጎርፋል። አንድ ሐሙስ ፌርማታው ላይ አንዲት ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች ሴት አየሁና በአማርኛ ሰላም አልኳት። በጣሊያንኛ መለሰችልኝ። ስሟ ማርታ፣ መልኳ የኛ፤ አገሬ ሆንዱራስ ነው ስትለኝ ግን የካደችኝ መስሎኝ ተቀየምኳት። ያን ጊዜ ለመቀየም ማን ብሎኝ።

እያደር ተዋደድን። አንድ የበጋ እሁድ ካገሯ ልጆች ጋር ኦስቲያ ባሕር ዳር ወሰደችኝ። እዚያ ጭራሽ ግራ ገባኝ። አንዷ ዘንፋላ ጥቁር ፀጉር አላት፤ የሌላዋ ዓይን አረንጓዴ ነው፤ ሦስተኛዋ አያቴ ከቤተልሔም የመጡ ዐረብ ናቸው አለችኝ። ማርታ ደግሞ ጋሪፉና ናት፤ ከአፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ከደሴት ሰዎች ጋር ተዋልደው የተገኘ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው ሕዝብ ነው። እነሱ የበቆሎ ቂጣና ቀይ ቦሎቄ ሲያቀርቡ፣ እሷ ዓሣ በኮኮናት ወተት ቀቅላ ከተወቀጠ ሙዝ ጋር አመጣች። ጣፋጭ ይሁን ጨው ያለው ወጥ መለየት አቃተኝ።

«አሎራ፣ እንግዲህ ከእናንተ ውስጥ ዋናዎቹ ሆንዱራሶች የትኞቹ ናችሁ?» አልኳቸው።

ሁሉም ሳቁ። ማርታ ብቻ አሸዋውን በጣቷ ትጭር ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እናቴ በጠና ታመመች የሚል መልእክት ደረሰኝ። ለአንድ ወር ምትክ ካላገኘሁ ሥራዬ ያበቃል፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም። ሲኞራ ምትኬ ያገሬ ልጅ ካልሆነች አልቀበልም አሉ፤ ካገሬ ልጆች ደግሞ የሚመቻት ጠፋች። ማርታን ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ ደወሉን ተጭኜ፣ «ኢትዮጵያዊት ናት እላለሁ፤ አንቺ ዝም በይ» አልኳት።

ሳትመልስልኝ ሲኞራ ከፈቱ። እንዳልኩት አልኩ። ማርታ ዝም አለች፤ እኔም በማግስቱ አዲስ አበባ ገባሁ።

እናቴ ተሻላት፤ ተመለስኩ። ማርታ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ሲኞራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ «አንቺ በሄድሽበት ቀን ነገረችኝ» አሉኝ። «ሆንዱራሳዊት ነኝ፣ ካልፈለጉኝ ልሂድ አለች። እውነቷን ስለነገረችኝ አስቀረኋት። አንቺንም ስለ እናትሽ ብዬ ትቼሻለሁ።»

ማርታን ደረጃው ላይ ደረስኩባት። ለምን እንደተናገረች ጨርሶ አልገባኝም ነበር።

«በሩ ላይ ዝም ያልኩት እናትሽን እንድታዪ ነው» አለችኝ። «አገሬ ውስጥ ከየት መጣሽ ይሉኛል። እዚህም ይሉኛል። አንቺ ደግሞ አገሬን ወስደሽ ያንቺን ሰጠሽኝ።»

ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ ወረደች። እኔ አገሬን ማካፈሌ ክብር ነበር የመሰለኝ፤ ምን አጠፋሁ እያልኩ እዚያው ቆምኩ። ከዚያ ወዲያ ፌርማታው ላይ ስንገናኝ ከሰላምታ አላለፍንም። እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ለኤልዳና የኦስቲያውን ፎቶ አውጥቼ አሳየኋት። እሷም ሮም ተወልዳ፣ በቀን ስንቴ ከየት ነሽ እንደሚሏት እኔ አውቃለሁ። ጣቷን ማርታ ላይ አሳረፈች።

«ኖና፣ ይቺ የኛ ሰው ናት?»

«አይደለችም» አልኳት። «ሆንዱራሳዊት ናት።»

ያኔ በሩ ላይ ይህችኑ ቃል ማለት ምን ነበረበት።