ጣቷን ስከተል

ሻርጃ ሰው ቤት ስሠራ ማዳም ፓስፖርቴን ቆልፋብኝ ነበር፤ አንድም ቀን ደፍሬ አልጠየቅኳትም። ከወጣሁ በኋላም የቁልፍ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እደነግጥ ስለነበር፣ ካራማ ያለች የሥነ ልቦና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ።

«ያን ቤት እያሰብሽ ጣቴን በዓይንሽ ብቻ ተከተይ» ብላ ጣቷን ግራ ቀኝ ታመላልስ ጀመር። «ከምኖርበት ከአጅማን ድረስ የመጣሁት ለዚህ ነው?» እያልኩ በሆዴ፣ ዓይኔን አብሬ አንከራተትኩ። ቀስ በቀስ ማዳም ፊቴ ድቅን አለች።

«ምን ልትያት ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ ሐኪሟ።

ብድግ ብዬ በዐረብኛ ጮህኩ፦ «ኸላስ፣ በቃ! ከእንግዲህ አልፈራሽም! ፓስፖርቴን አሁኑኑ አምጪ!»

በሩ ተበረገደ። እንግዳ ተቀባይዋ ለምዝገባ የወሰደችብኝን መታወቂያ ዘረጋችልኝ።

«ዋላሂ፣ ልመልስልሽ ነበር!»