ያልተጠየቀ ምልክት

ንግስት ልጇን ልታሳክም ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ድረስ መጥታ በክሊኒኩ ካርድ ክፍል ወረፋ ስትጠብቅ፣ ዓይኗ ከመዝጋቢዋ ሴትዮ አልነቀል አላት። ሴትዮዋ የአንገቷን ንቅሳት በሹራብ ኮሌታ ሸፍናለች። ማውሱን የምትጫነው ትኋን እንደሚጨፈልቅ ሰው ነው። አዲስ ካርድ በከፈተች ቁጥር ኮምፒውተሩ «ባለትዳር» በሚለው ሳጥን ላይ ራሱ ምልክት አድርጎ ይጠብቃታል።

«ሳጥኑን ባዶ አድርጋችሁ ስጡኝ ብዬ የኮምፒውተር ሰዎቹን ስንቴ ለመንኳቸው። አብዛኛው ሰው ያገባ ነው ይሉኛል» ትላለች፣ ለማንም ሳይሆን።

ተራቸው ደረሰ። ሴትዮዋ የልጅቱን ስምና ዕድሜ ጽፋ ስክሪኑን ገላመጠችው።

«ይኸው፣ ይችንም ድሯት ጠበቀኝ።»

ንግስት ሳቀች። «ኧረ እትዬ፣ ገና ስምንት ዓመቷ እኮ ነው።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። በመስኮቱ ወደ ልጅቱ ጎንበስ ብላ «አግብተሻል?» ስትል ጠየቀቻት።

ልጅቱ አፍራ «አላገባሁም» አለች። ያን ጊዜ ሴትዮዋ ምልክቱን አነሳችው።

«ምነው፣ ልጅ እንዲህ ይጠየቃል?» አለች ንግስት ቅር ብሏት።

«እኔን በእሷ ዕድሜ ሲድሩኝ የጠየቀኝ አልነበረም» አለችና ቀጣዩን ካርድ ከፈተች። ሳጥኑ እንደገና ምልክቱን ይዞ ጠበቃት።