የሚኒስትሩ ሶፋ

የፖለቲካ ሽሙጥ ቪዲዮ የምንሠራው በስደት በምንኖርበት ሰፈር ሞንትቤሎ፣ እኛው ቤት ጋራዥ ውስጥ ነው። እኔ ሚኒስትሩን ሆኜ እጫወታለሁ፣ ባለቤቴ በስልኳ ትቀርጻለች። መቼም ሚኒስትር ፕላስቲክ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ጎረቤታችን ደግሞ ጠርዙ ወርቃማ የሆነ ሶፋ አላቸው። አገር ቤት ሳሉ የአንድ መሥሪያ ቤት የፕሮቶኮል ሹም ነበሩ፤ ዛሬም መንግሥት ሲነካባቸው አይወዱም። "ለኢንተርቪው ነው" ብዬ ለመንኳቸው። ዋሸሁ፤ አላፍርበትም።

በመጀመሪያው ቪዲዮ ሚኒስትሩ ስለ ሥራ ትጋት ሊያስረዳ ሶፋው ላይ ተመቻቸና እንቅልፍ ጣለው። ቪዲዮው በሁለት ቀን ውስጥ የሐበሻ ሱቅ የሞላበትን ሃቫና ስትሪት አዳረሰ። ሥጋ ልገዛ ብገባ ባለሱቁ "ክቡር ሚኒስትር፣ ነቁ?" አለኝ።

ቅዳሜ ጋሼ ጋራዡን አንኳኩ። ሶፋቸውን ሊወስዱ ነው ብዬ አቧራውን ማራገፍ ጀመርኩ።

"ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው?" አሉ ተቆጥተው። "ሚኒስትር ብቻውን ይተኛል እንዴ? ከጎኑ ሰው የለ፣ ማስታወሻ የሚይዝ የለ፣ ውሃ እንኳ አልቀረበለትም። ሃያ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም።"

"ይቅርታ ጋሼ" ብዬ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።

የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ፣ ከኪሳቸው ደብተር አወጡና ከጎኔ ተቀመጡ። ባለቤቴ ስልኳን አነሳች። ዓይኔን ጨፍኜ ማንኮራፋት ስጀምር፣ እስክሪብቶ ሲጫጫር ሰማሁ። ጋሼ ማንኮራፋቴን ቃል በቃል እየመዘገቡ ነበር።