ጥቁር ካየሽ ሩጪ

አባባ የምንላቸው አያቴ ክረምት ዝናቡ ባባራ ቁጥር ከማሳችን በታች ወዳለው ጅረት ይወርዱና ከደብረ ታቦር ገበያ በገዟት ብርጭቆ ጎርፍ ቀድተው ይመለሳሉ። መደቡ ላይ አስቀምጠው እስኪጠልል ይጠብቃሉ።

«ከሥር ቀይ ከረጋ ከላያችን ያሉት ሰዎች ማሳ አፈር ነው። ጥቁር ካየሽ ግን የእኛ ነው፤ ዶማውን ይዘሽ ሩጪ፤ ፈሰሱን ክፈቺ» ይሉኝ ነበር። ጎርፉን ከማሳው አዙሮ የሚያወጣው ያ ፈሰስ ነው።

አረብ አገር ሆኜ ስደውል እንኳ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነግሩኝ የብርጭቆውን ቀለም ነበር። ካርድ አለቀብኝ ብዬ እቆጣቸው ነበር። አሁን ይቆጨኛል።

አገሬ በተመለስኩ ዓመት በሐምሌ አረፉ። ቀብረናቸው ስንመለስ የጀመረው ዝናብ ሁለት ቀን አላባራም። ድንኳኑ በለቀስተኛ ተሞልቶ ስለ ፈሰሱ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በሣልስታቸው ብርጭቋቸውን ይዤ ጅረቱ ወረድኩ። ቀድቼ መደባቸው ላይ አስቀመጥኩና ጠበቅሁ። የረጋው ጥቁር ነበር።

«ዶማው የታል?» አልኩት ወንድሜን።

«ቤተ ክርስቲያን ነው» አለኝ አንገቱን ደፍቶ። «የአባባን መቃብር ቆፍረንበት እዚያው ቀረ።»

ባዶ እጄን ሮጥኩ። አባባ በየክረምቱ ያተረፉት አፈር ወርዶ፣ ማሳው መሀል ሰው የሚቀበርበት ያህል ጉድጓድ ተከፍቶ ጠበቀኝ።